እንግዳው ይሄዳል፣ ሱቁ ይቀራል፦ ዛንድስፕሩትን ለመጎብኘት ላሰባችሁ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ ከአዲስ አበባ፣ ከሆሳዕና፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጆሃንስበርግ ለምትመጡ እንግዶች፣ እንዲሁም እናንተን ተቀብለው ለሚያስተናግዱ ቤተሰቦች የተጻፈ ነው። የአገሬውን ሰው ኑሮ በዓይናችሁ ለማየት «ሎኬሽን ውሰዱን» (የከተማ ዳር የድሃ ሰፈሮችን እዚህ እንዲህ ነው የሚሏቸው) ብላችሁ ከሆነ፣ ወይም ባለሱቅ ወንድማችሁ «ኑ፣ የምሠራበትን ላሳያችሁ» ብሎ ዛንድስፕሩት ከቀጠራችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡት። አትሂዱ ለማለት አይደለም። ግን አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ፤ በእንዲህ ያለ ጉብኝት ዋናው አደጋ የሚወድቀው በጎብኚው ላይ አይደለም። እሱ ፎቶውን ይዞ አውሮፕላኑን ይሳፈራል። ጣጣው የሚተርፈው በማግስቱ ንጋት ላይ ሱቁን ለሚከፍተው ሰው ነው።

ዛንድስፕሩት ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሃኒዲው አጠገብ የሚገኝ፣ የቆርቆሮ ቤቶች ተደጋግፈው የቆሙበት ሰፈር ነው። ጎኑን ይዞ የሚያልፈው አውራ መንገድ ቤየርስ ኖዴ ድራይቭ ይባላል። ቀድሞ የዲ. ኤፍ. ማላን መንገድ ነበር፤ ማላን በ1948 ሥልጣን ይዞ አፓርታይድን በሕግ የተከለው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። በ2001 ስሙ ተነሥቶ መንገዱ ለቄስ ቤየርስ ኖዴ ተሰጠ፤ ከራሳቸው ከነጮቹ አፍሪካነሮች ወገን ተወልዶ አፓርታይድን በመቃወሙ በ1977 በመንግሥት የታገደ ሰው ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የስሙ መለወጥ ግን ከመንገዱ ዳር ያለውን ኑሮ አልለወጠውም። በአንድ በኩል ዘበኛና የኤሌክትሪክ አጥር ያላቸው ግቢዎች፣ በሌላ በኩል ለብዙ ቤተሰብ አንድ የውኃ ቧንቧ።

እንግዶች ዛንድስፕሩትን መጀመሪያ የሚያዩት በመኪና መስኮት ነው። መንገዱ ወደ ማሮፔንግና ወደ ስቴርክፎንቴይን ዋሻዎች ይወስዳል፤ ዩኔስኮ በ1999 የዓለም ቅርስ አድርጎ የመዘገበው የሰው ዘር መገኛ እዚያ ነው። የኛ ሰው ከድንቅነሽ አገር መጥቶ የእነሱንም አጥንት ለማየት ይጓጓል፣ ይገባዋልም። ታዲያ ሲሄድ ወይም ሲመለስ በቆርቆሮ ላይ በእጅ የተጻፉ የጸጉር ቤትና የጎማ ጠጋኝ ማስታወቂያዎች፣ በከሰል ላይ የሚጠበስ ሥጋ፣ ግርግሩ፣ ሙዚቃው ዓይኑን ይስበዋል። «እስቲ ገባ ብለን እንይ» የሚባለው ያኔ ነው። በተለይ ከአውሮፓ የሚመጣው ዘመድ በደቡብ ፈረንሳይ መንደሮች ካሜራ አንጠልጥሎ ከአንዱ ቀጭን መንገድ ወደ ሌላው መዘዋወር ለምዷል። እዚያ መንደሩ የሚኖረው በእንግዳ ነው፤ ቡና ቤቱ፣ የላቬንደር ሳሙና የሚሸጠው፣ የቅዳሜ ገበያው ሁሉ ጎብኚ ይጠብቃሉ። ዛንድስፕሩት ግን ማንንም አልጠራም። ለጎብኚ የተዘጋጀ አንድም ነገር የለውም፤ ለገዛ ነዋሪዎቹም ያልተዘጋጀ ብዙ ነገር አለ።

የሰፈሩን ታሪክ በጥቂቱም ቢሆን ማወቅ ይረዳል። በኦክቶበር 2001 የሰፈሩ ነዋሪዎች ዚምባብዌያውያን ለቀው እንዲወጡ ቀነ ገደብ ሰጥተው፣ ሲያልፍ ቤቶቻቸውን አቃጠሉ፣ ንብረታቸውን ዘረፉ። ዓለም ስለ ደቡብ አፍሪካ የውጭ ዜጎች ጥላቻ አብዝቶ ያወራው በሜይ 2008 ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ 62 ሰዎች ባለቁበት ጥቃት ጊዜ ነው፤ ዛንድስፕሩት ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ አይቶታል። በሜይ 2021 ደግሞ እዚያው ሰፈር ሰዎች ተሰባስበው በወንጀል የጠረጠሯቸውን 9 ወጣቶች ደብድበው አቃጠሉ፣ 8ቱ ሞቱ። ይህንን የምናነሣው የሰፈሩን ሰው አውሬ ለማስመሰል አይደለም። አብዛኛው ጠዋት በሚኒባስ ወጥቶ ማታ ደክሞ የሚገባ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ሠራተኛ ነው። ነገር ግን ፖሊስ ዘግይቶ በሚደርስበት፣ ሌብነት ባንገሸገሸው ቦታ፣ አንድ ጩኸት ሰው ለመሰብሰብ ይበቃል። የተሰበሰበ ሰው ደግሞ ማስረጃ አይጠይቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ፦ ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላና ብስኩት አታድሉ። ይህን የሰማ እንግዳ ሁሉ ይከፋዋል፤ ልጅ ማስደሰት ምን ነውር አለው ይላል። በ2024 የሆነውን ስለማያውቅ ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ሶዌቶ ውስጥ ናሌዲ በሚባለው ሰፈር ስድስት ልጆች ሞቱ፤ ምርመራው ተርቡፎስ የሚባል የእርሻ ፀረ ተባይ መርዝ አገኘ። በየቤቱ እንዲገባ ያልተፈቀደ መርዝ ነው፤ ቆሻሻው በማይነሣበት ሰፈር አይጥ ያስቸገረው ሰው ግን ከመንገድ ላይ ይገዛዋል። ከዚያ በፊትና በኋላም በየአውራጃው ልጆች ታመሙ፣ ሞቱ። ኖቬምበር 15 ቀን ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ቢያንስ 22 ልጆች መሞታቸውን ገልጸው በመላ አገሪቱ ያሉ ስፓዛ የሚባሉ የሰፈር ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀነ ገደቡ ቆይቶ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ተራዘመ። ሆን ብሎ ልጆችን ለመመረዝ የተደረገ ዘመቻ ለመኖሩ ማስረጃ እንደሌለም ተናግረዋል። ልጁን የቀበረ ሰፈር ግን የፕሬዚዳንት ንግግር አያጽናናውም። በየሎኬሽኑ ጣት የተቀሰረው በውጭ ዜጋው ባለሱቅ ላይ ነበር፤ የኢትዮጵያዊው፣ የሶማሌው፣ የባንግላዴሹ ሱቅ እየተዘጋ፣ ዕቃው እየተበተነ ከረመ።

አሁን ነገሩን ከዚያ ሰፈር እናት ዓይን እዩት። የማታውቃት ሴት ከነጭ መኪና ወርዳ፣ ከ«ማይ ፍሬንድ» ሱቅ አንድ ካርቶን ብስኩት ገዝታ፣ የእናቲቱን ልጅ አቅፋ ፎቶ ትነሣለች፣ ታድላለች፣ ትሄዳለች። ልጁ በዚያ ሌሊት በተራ ተቅማጥ እንኳ ቢታመም፣ ሴትዮዋ ለንደን ደርሳለች። የሚጠየቀው ማን ነው? («ማይ ፍሬንድ» በየሎኬሽኑ ለኛና ለሶማሌ ባለሱቆች የወጣልን ስም ነው፤ ሲቀርቡንም ሲቆጡንም በዚያው ይጠሩናል።) ልጆችን መርዳት ያማራችሁ እንደሆነ የትምህርት ቤት ወይም የሕፃናት መዋያ ኃላፊ ዘንድ በባለሱቁ የቤት አከራይ በኩል ሄዳችሁ ደብተርና እርሳስ ስጡ። የሚበላ ነገር አይሁን።

ሁለተኛው ስልካችሁ ነው። ሱቁን አስቡት። ብዙውን ጊዜ ከአንድ አዛውንት ግቢ የተከራየ ጋራዥ ወይም ኮንቴይነር ነው። ባለሱቁ የሚሸጠው ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ነው፤ ፍርግርጉ ላይ እጅ የምታሳልፍ መስኮት ተቆርጣለች። ሕፃን ልጅ በእግር ጣቱ ተንጠራርቶ ሳንቲሙን በእሷ ያሾልካል፣ ግማሽ ዳቦ ይቀበላል። ከውስጥ የበቆሎ ዱቄቱ ከረጢት፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የሞባይል ካርዱ፤ ከመደርደሪያው ኋላ ቀን ቀን ተጠቅልሎ የሚቆም ፍራሽ። እንግዳው ይገባና ላይቭ ይከፍታል። «ይኸው የአክስቴ ልጅ ሱቅ! ይኸው የሚተኛበት! ይኸው ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት!» በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሌባ አንድ ወር ሙሉ የሚያጠናውን አሳየ። በሱቅ ውስጥ ማደር ደግሞ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ከሚያነሡት ጥፋት አንዱ ነው፤ ማስረጃውንም ራሱ ዘመዱ በቪዲዮ አቀረበላቸው ማለት ነው።

ደጅ ላይም ያው ነው። ፊት ለፊት ልብስ የሚያጥበውን፣ ከቧንቧው ተራ የሚጠብቀውን፣ የሰከረውን አትቅረጹ። ላሊበላ ለገና በዓል የመጣ ፈረንጅ ሌንሱን የምታለቅስ እናት ፊት ላይ ሲደቅን ምን እንደሚሰማን ሁላችንም እናውቃለን። በአማርኛ ስለተናገራችሁም የማይሰማ አይምሰላችሁ፤ ዛሬ ስልኩ ራሱ ይተረጉማል። «ጥቁሮቹ እንዲህ ናቸው፣ ጥቁሮቹ እንዲያ ናቸው» እያሉ የሚያወሩ ሰዎቻችን ቪዲዮ መሣቂያ ከመሆን አልፎ መጠቆሚያ ሆኗል። እኛስ ምን ሆነን ነው «ጥቁሮቹ» የምንለው? ይህን ለማለት ከኢትዮጵያ ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር።

ቪዲዮው ሌላም ቦታ ይደርሳል። ሆሳዕናና ዱራሜ አካባቢ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ያየዋል። እሱ የሚያየው ፍርግርጉን አይደለም፣ የሞላውን መደርደሪያ ነው። ከዚያ በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ የሚያልፈው የደላሎች መንገድ ይመጣል። በማርች 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ባለሥልጣናቱ ተናግረዋል። የአንድ እንግዳ ቪዲዮ ሰው ገደለ አንልም። ግን የሱቁን መደርደሪያ ያሳየ ሰው፣ ባለሱቁ እዚህ ለመድረስ ምን ከፈለ፣ ሱቁስ ስንት ጊዜ ተዘረፈ የሚለውን ቢጠይቀውና ያንንም ቢናገር ደግ ነበር። ሳይጠይቅ ይሄዳል። የሎኬሽን ባለሱቅም በራሱ አንደበት አያወራም፤ ለእናቱ ደኅና ነኝ ማለት ለምዷል።

ስለ ቪዛ አጭር ነገር። የጎብኚ ቪዛ ይዛችሁ ከመስኮቱ ጀርባ አትቁሙ። «ዳቦ ላመጣ ነው፣ ለአምስት ደቂቃ ያዙልኝ» ባለሱቁ ቢላችሁም እምቢ በሉ። ከ2024 ወዲህ የፖሊስ፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የሠራተኛና የሆም አፌርስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ) ሰዎች ተሰባስበው ሳይታሰብ ይደርሳሉ። የጎብኚ ቪዛ ሥራ መሥራትን አይፈቅድም፤ ለዘመድ ብሎ ዳቦ መሸጥም ከሥራ ይቆጠራል። እናንተ ትያዛላችሁ፣ እሱም ያለ ፈቃድ ሰው አሠርቷል ተብሎ ይከሰሳል። ፓስፖርታችሁን ባረፋችሁበት ቤት አስቀምጣችሁ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ከቪዛው ገጽ ጋር ያዙ።

መኪናውንም እንነጋገርበት። የተከራያችሁትን አዲስ መኪና ሱቁ ደጅ ለሁለት ሰዓት ስታቆሙ፣ ለሰፈሩ ሁሉ «ይህ ሰው ሀብታም ዘመድ አለው» ብላችሁ አወጃችሁ። ከውጭ ዜጋ ባለሱቆች «የጥበቃ ገንዘብ» እያሉ የሚያስከፍሉ ቡድኖች በብዙ ሎኬሽኖች አሉ። ነገ መጥተው የሚጨምሩበት ሒሳብ ይኖራል። በሰው መኪና፣ ሰፈሩ በሚያውቀው በራሱ በባለሱቁ ወይም ዕቃ በሚያመላልስለት ሰው መኪና ግቡ። ወር መጨረሻ ደመወዝ የሚከፈልበትን፣ የወሩን መጀመሪያ የድጎማ ገንዘብ የሚወጣበትን ቀናት ተዉአቸው፤ ሱቁ ገንዘብ የሚይዘውና ዓይን የሚበዛበት ያኔ ነው። የጀምበር መጥለቂያ ሰዓት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ሮቦት ላይ ስትቆሙ (የትራፊክ መብራቱን እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚሉት) ቦርሳና ስልክ ወንበር ላይ አይታይ፤ መስታወት ሰብሮ መንጠቅ የተለመደ ነው።

ይህን ሁሉ ጠብቃችሁ ከገባችሁ ግን የምታዩት አለ፤ መንገዱም በአከራይዋ በኩል ነው። ብዙ ጊዜ አሮጊት ናቸው፤ «ጎጎ» ይሏቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው። ባለሱቁ የሚከፍለው ኪራይ የልጅ ልጆቻቸውን ያበላል። ሁከት ሲነሣ በሩ ላይ ቆመው «ይህ ልጄ ነው፣ አትነኩትም» የሚሉት፣ ወይም ዝም የሚሉት እሳቸው ናቸው። እንግዳ ሆኖ እሳቸውን አልፎ በቀጥታ ሱቁ ውስጥ የሚገባ ሰው ባለሱቁ በዓመታት የገነባውን ያፈርሳል። መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሂዱ። በዙሉኛ ለአንድ ሰው «ሳውቦና»፣ ለብዙ «ሳኒቦናኒ»፤ ሴፔዲ ተናጋሪ ከሆኑ «ቶቤላ»። ዛንድስፕሩት የብዙ ቋንቋ ሰፈር ነውና ቀድማችሁ ባለሱቁን ጠይቁት። ስትሰጡም ስትቀበሉም ቀኝ እጃችሁን በግራ ደግፉ፤ ይህን ማንም አላስተማረንም፣ እነሱም እንዲያው ነው የሚያደርጉት፣ ሲያዩትም ደስ ይላቸዋል። ከአዲስ አበባ ያመጣችሁት አንድ ነጠላ ወይም አንድ ኪሎ ቡና ለጎጎ ቢሰጥ ከቪዲዮው ሁሉ ይበልጥ ሱቁን ይጠብቃል።

ምናልባት ኡምቆምቦቲ ያቀርቡላችኋል። ከበቆሎና ከማሽላ የሚጠመቅ፣ ከኛ ጠላ የወፈረ መጠጥ ነው፤ ከአንድ ዕቃ እየተቀባበሉ ተቀምጠው ይጠጡታል። ቆማችሁ አትቀበሉ። የማትጠጡ ከሆነ ቀምሳችሁ አመስግኑ። መጠጥ ቤት ውስጥ ግን አትቆዩ፣ በተለይ «ማንዴላን ያሠለጠንነው እኛ ነን» ለማለት ምላሳችሁ የሚበላችሁ ከሆነ። እውነት ነው፣ ማንዴላ በ1962 ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ እዚህም በታሪክነቱ ይታወቃል። ነገር ግን ሥራ ላጣና አራት ቢራ ለጠጣ ወጣት ውለታ ማስቆጠር ጠብ መጥራት ነው። ይህን የምንለው ወሬው አምሮለት በደኅና የወጣ ብዙ ሰው ስላላየን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ተዘግቶ ድንኳን ካያችሁ ቀብር ነው፤ ስልክ አይወጣም፣ ሙዚቃ ይዘጋል፣ መኪና ይመለሳል። እሁድ በባዶ ሜዳ ላይ ነጭ ለብሰው በክብ የተቀመጡ ሰዎች ታያላችሁ። ለዓይን የኛን የበዓል ጉባኤ ይመስላሉ፤ ጫማቸውን ከሜዳው ጠርዝ አውልቀዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ያ ሜዳ ነው፣ ግድግዳ ስለሌለው አደባባይ አይደለም። ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ፊታቸውን ነጭ አፈር ተቀብተው የሚያልፉ ጎረምሶች ካጋጠሟችሁ የግርዘት ሥርዓት ላይ ያሉ ናቸው፤ አትቅረቧቸው፣ አትቅረጿቸው፣ ሴት እንግዶች በተለይ ራቁ።

እግራችሁን ስታነሡም መሬት መሬት እዩ። በሕገ ወጥ መንገድ ከዋናው መስመር የተጠለፉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች በየመተላለፊያው ተዘርግተዋል፣ አንዳንዱ ልጣጩ የለም። ዝናብ የዘነበ ቀን በኩሬ ውስጥ አትራመዱ፣ ልጆች አትልቀቁ። ከጉብኝት ማስጠንቀቂያ ሁሉ ይቺን ሰው ይስቅባታል፤ ለሰፈሩ ሰው ግን የዕለት ሞት ነች።

ባህል ማየት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ሌላ ቦታ አለ። ሶዌቶ፣ ቪላካዚ ጎዳና፣ ማንዴላና ሊቀ ጳጳስ ቱቱ በአንድ መንገድ የኖሩበት ሰፈር ለእንግዳ የተሰናዳ ነው፤ የሄክተር ፒተርሰን ሙዚየምም እዚያው ቅርብ ነው። በሕጉ መሠረት አስጎብኚ የተመዘገበና ባጅ ያለው መሆን አለበትና ባጁን ጠይቁ። ከላንሴሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሀርትቢስፖርት በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ሌሴዲ የሚባል የባህል መንደር አለ፤ የዙሉ፣ የቆሳ፣ የፔዲ፣ የባሶቶና የንዴቤሌ ቤቶች ተሠርተውበታል። ሄዳችሁ እንዳትቸገሩ አስቀድማችሁ ደውሉ። ለትርዒት የተሠራ መንደር ነው፣ አዎ፤ ጭፈራውም ሰዓት አለው። ግን የሚጨፍረው ሰው ሊታይ ፈቅዶ፣ ተከፍሎት ነው።

ቤየርስ ኖዴ ላይ ጎማ ሲቃጠልና ሰው ሲሰበሰብ ካያችሁ ቶይ ቶይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት ወይም ስለ ቤት የሚደረግ ተቃውሞ ነው፣ ከእናንተ ጋር ጉዳይ የለውም። አቁማችሁ አትመልከቱ፣ ለማለፍም አትሞክሩ፣ ስልክ አታውጡ። ዞራችሁ ተመለሱ፤ ማሮፔንግ በኤን 14 አውራ መንገድ በኩልም ይደረሳል። ለባለሱቁ ዘመዳችሁ ግን ወዲያው ደውሉለት፣ በሩን እንዲዘጋ። ፖሊስ 10111፣ አምቡላንስ 10177፣ ከሞባይል 112 ነው።